ወንጪ ወይስ ምጽዋ?

ከሚኒያፖሊስ፣ ሚኔሶታ

ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት የሽርሽር ወሬ ይመስላል። ወገን በጦርነት እየተማገደ፣ ወጣቱ በረሃና ባሕር እያቋረጠ ባለቀበት ዘመን “የትኛው ውሃ ዳር ብንዝናና ይሻላል?” ብሎ ብዕሩን የሚያነሣ ሰው ቢያስታዝባችሁ አልፈርድባችሁም። ነገር ግን እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። አንዳንድ ጊዜ ትልቁ የአገር ጉዳይ በቤተሰብ የቡና ወሬ ውስጥ ተሸሽጎ ይመጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሴንት ፖል በሚገኘው የአጎቴ ልጅ ቤት ቡና ተፈልቶ ተሰብስበን ነበር። የተሰበሰብነው አዲስ አበባ ስለሚኖሩት የአጎቴ ባለቤት ጉዳይ ለመነጋገር ነው። እትዬ ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸው ሰባን ተሻግሯል፣ ጉልበታቸውም እየከዳቸው ነው። እዚህ ያሉት ልጆቻቸው አንዱ ታክሲ እየነዳ፣ አንዷ አረጋውያን እየጦረች፣ ሌላው በመጋዘን የሌሊት ፈረቃ እየሠራ በዕቁብ ገንዘብ አጠራቅመዋል። ሐሳባቸው የልጅ ልጆቹን ይዘው አገር ቤት ሊገቡና እትዬን ለአንድ ሳምንት ደስ ወደሚላቸው ቦታ ሊወስዱ ነው። ምናልባትም የመጨረሻው ጉዞ ይሆናል ብለው ነው። ይህን ደግሞ ማንም በአፉ አላወጣውም።

እዚህ የተወለዱት ልጆች የመረጡት ወንጪን ነው። ስልካቸውን ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ ሥዕሉን አሳዩን። አረንጓዴ ተራራ፣ ከሥሩ ሰማያዊ ሐይቅ፣ ፈረስ፣ ጀልባ፣ በኮረብታው ላይ የተሠሩ ማረፊያዎች። የሚኔሶታ ልጅ ሐይቅ ቢወድ አይገርምም። ይህ ግዛት 10,000 ሐይቆች አሉኝ ብሎ በመኪና ታርጋው ላይ የጻፈ ነው፤ በእርግጥ ሲቆጠሩ ከ11,800 ይበልጣሉ። እዚህ ሰው በበጋ ሐይቅ ዳር ካቢን ተከራይቶ ይሰነብታል፣ በክረምት ደግሞ የረጋውን በረዶ በስቶ ዓሣ ያጠምዳል።

ከዚያ ለእትዬ ተደወለ። ልጆቹ በተሰባበረ አማርኛቸው ስለ ሐይቁና ስለ ፈረሱ ነገሯቸው። እትዬ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ “ልጆቼ፣ እኔን ለማስደሰት ከሆነስ ምጽዋ ውሰዱኝ” አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ።

አጎቴ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። የካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ላይ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ደብዛቸው የለም። ሞቱ ያለ ሰው የለም፣ ተማረኩ ያለም የለም። መርዶ አልተነገረም፣ ለቅሶ አልተቀመጥንም፣ ፍትሐት አልተደረገም። እትዬ ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ ባል የሞተባቸው ሴት ሳይሆኑ፣ ባል ያላቸውም ሴት ሳይሆኑ ኖረዋል።

ክርክሩ ሲጦፍ “ጋዜጠኛው ይፍረድ” ተባለ። እኔ ወደ ወንጪም ወደ ምጽዋም አልሄድም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ስሸሽ ይዤው የወጣሁት አንድ ሻንጣ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የአገሬን መሬት አልረገጥሁም። ነገር ግን የማይሄድ ሰውም መመዘን ይችላል። እዚያው ፍርድ ከመስጠት ይልቅ ቤቴ ገብቼ ይህን መጻፍ መረጥሁ። ምክንያቱም ሐይቁን ወይስ ባሕሩን የሚለው ጥያቄ ዛሬ የእትዬ ቤተሰብ ብቻ ጥያቄ አይደለም።

የሐይቁ ነገር

ወንጪ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በወሊሶና በአምቦ መካከል ይገኛል። ጥንት የፈነዳ እሳተ ገሞራ ነው፤ ጠርዙ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ከአፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲያዩት ሐይቁ በሣህን ላይ የፈሰሰ ሰማይ ይመስላል። በሐይቁ ላይ ባለው ደሴት የቂርቆስ ገዳም አለ። በሸለቆው ውስጥ እንሰት የሚያለማ፣ ፈረስ የሚያረባ፣ ንብ የሚያንብ ሕዝብ ይኖራል። ፍልውሃውም ለብቻው ስጦታ ነው። በወጣትነቴ ለሥራ ሄጄ አይቼዋለሁ። ጠዋት ላይ ጉሙ ከሐይቁ ሲነሣ ያየ ሰው ቦታውን ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። የልጆቹ ዓይን አልተሳሳተም።

ሪዞርቱ ከመታሰቡ ከብዙ ዓመታት በፊት የአካባቢው ገበሬዎች ማኅበር መሥርተው፣ ፈረስ እያከራዩና መንገድ እየመሩ እንግዳ ይቀበሉ ነበር። ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ዛሬ ወንጪን ትናንት ከምንም የፈጠሩት የሚያስመስል ወሬ ስለሚበዛ። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ ሲመርጥ ሪዞርቱ ገና አልተመረቀም ነበር። የተመረጠው መንደሩ ነው።

እንግዲህ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. “ገበታ ለሀገር” ተብሎ ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ ይለማሉ ተባለ። ከዚያ በፊት በግንቦት 2011 ዓ.ም. “ገበታ ለሸገር” በሚል አንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር ከፍሎ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር እራት የበላበት ግብዣ ነበር። ገንዘቡ ተሰበሰበ፣ ሥራውም ተሠራ። ሥራው ተሠርቶ ሳለ አልተሠራም ማለት የእኛ የስደተኞች አመል ነው፤ ከዚህ አመል መውጣት አለብን። ሕንፃው አለ። መንገዱ ተሠርቷል። አልጋው ንጹሕ ነው ይላሉ ያዩት። በሌላው ወገን ደግሞ የኦሮሞ ተወላጅ የሆነ እዚህ ከእኔ ጋር የሚሠራ ወዳጄ፣ “የትውልድ ቀዬዬ ሲያምር ለምን ይከፋኛል? የሚከፋኝ እናቴ ወደዚያ ስትሄድ በመንገዱ ላይ የምትሰጋው ስጋት ነው” ሲል ሰምቼዋለሁ። ከእሱ የተሻለ አልናገርም።

ነገሩ ያለው መንገዱ ላይ ነውና። ሰኔ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ታገቱ። ከመቶ የሚበልጡ መንገደኞች ነበሩ፤ አብዛኛዎቹ ተማሪዎች ናቸው። ቤተሰብ ልጁን ለማስለቀቅ ገንዘብ ተጠየቀ። ገበሬው ጥማድ በሬውን ሸጦ ልጁን ያስመረቀበት አገር፣ ልጁን ለማስፈታት ደግሞ ቤቱን የሚሸጥበት አገር ሆነ። ጎርጎራም ያው ነው። ጣና ዳር ያለው ይህ ቦታ የአፄ ሱስንዮስ መቀመጫ የነበረ፣ የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያለበት፣ ታሪክ የጠገበ ሥፍራ ነው። ሪዞርቱ በዚያ ሲጠናቀቅ ግን ክልሉ ጦር ሜዳ ሆኖ ነበር። በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ። የጎንደር ገበሬ የታመመ ልጁን ወደ ሆስፒታል የሚያደርስበት መንገድ አጥቶ ሳለ፣ እንግዳው በአውሮፕላን መጥቶ ሐይቁን እያየ ቡና ይጠጣል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ተረት ዘንድሮ “የጣናን ልጅ መንገድ ጠፋው” ተብሎ መታደስ ሳይኖርበት አይቀርም።

እዚህ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ከቤቴ ብዙም ሳልርቅ የምዞረው አንድ ሐይቅ አለ። እኔ ስመጣ “ሌክ ካልሁን” ይባል ነበር። ጆን ካልሁን የአሜሪካ የጦር ሚኒስትርና ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረ፣ ባርነትን መልካም ነገር ነው ብሎ የተከራከረ ሰው ነው። የዳኮታ ሕዝብ ግን ሐይቁን ከጥንት ጀምሮ “ብዴ ማካ ስካ” ይለዋል። ከብዙ ክርክር በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 የጥንት ስሙ ተመለሰለት። ጉዳዩ እስከ ግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2020 ስሙ ጸና። ወደ 200 ዓመት የተጠጋ ጊዜ ሌላ ሰሌዳ ቢለጠፍበትም ሐይቁ የሰሌዳው አልሆነም። ወንጪም እንዲሁ ነው። ከሪዞርቱ በፊት ነበረ፣ ከመንግሥቱም በኋላ ይኖራል። ስለዚህ “የእገሌን ፕሮጀክት አላይም” ብሎ ሐይቁን መጥላት፣ ሐይቁን ለእገሌ አሳልፎ መስጠት ነው።

የወደቡ ነገር

ምጽዋን ያየሁት የ11 ዓመት ልጅ ሳለሁ በ1974 ዓ.ም. ነው። አጎቴ እትዬን ባገቡ በጥቂት ወራት ውስጥ ይዘውን ወረዱ። ከአስመራ እስከ ምጽዋ ያለው መንገድ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያች ርቀት ከ2,300 ሜትር ደጋ ተነሥቶ ባሕር ጠለል ይደረሳል። ብርድ ልብስ ለብሰን ተነሥተን ሸሚዛችን ከገላችን ተጣብቆ ደረስን። በወታደር መኪና ታጅበን ስለነበር መንገዱ ጸጥተኛ እንዳልነበረ ልጅም ብሆን ገብቶኛል። ምጽዋ ግን ሁሉን አስረሳኝ። ከባሕር ውስጥ ከወጣ ድንጋይ የታነጹ ቤቶች፣ የተፈለፈለ የእንጨት ሰገነት፣ ጠባብ መተላለፊያ፣ የተጠበሰ ዓሣ ሽታ፣ ማታ ማታ ሙቀቱን ሸሽቶ አልጋውን ደጅ አውጥቶ የሚተኛ ሕዝብ። አጎቴ ነጭ የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው በጠዋለት ድልድይ ላይ እትዬን ይዘው ሲራመዱ ዛሬም ይታየኛል።

ያች ከተማ የብዙ ጌቶች ከተማ ናት። ኦቶማኖች እ.ኤ.አ. በ1557 ያዟት። በ19ኛው መቶ ዓመት ግብፆች ወረሷት። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1885 ገብተው፣ አስመራ እስክትተካት ድረስ የቅኝ ግዛታቸው ዋና ከተማ አደረጓት። በ1945 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ መጣ፣ በ1955 ዓ.ም. ፈረሰ፤ የሠላሳው ዓመት ጦርነትም መጣ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ሻዕቢያ “ፈንቅል” ብሎ በሰየመው ዘመቻ በቀናት ውስጥ ከተማይቱን ያዘ። የኢትዮጵያ ወታደር በጠዋለት ደሴት ታጥሮ ውሃ እየጠማው እስከ መጨረሻው ተዋጋ። አጎቴ ከእነዚያ መካከል ነበሩ ብለን እናምናለን።

ሁላችንም የምናውቀው ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል። የማናነሣው ታሪክ ግን ከዚህ ይጀምራል። ከተማይቱ ከተያዘች በኋላ የደበደቧት አውሮፕላኖች የእኛው ነበሩ። አፍሪካ ዎች የተባለው የመብት ተሟጋች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ዘገባ እንደዘረዘረው፣ በምጽዋ ላይ ቦምብ ሲዘንብ ሲቪል ሰው አልቋል፣ ለረሀብተኛ የመጣ የእርዳታ እህል ተቃጥሏል። የንጉሡ ቤተ መንግሥት ጉልላት እንደተበሳ ለብዙ ዓመታት ቆሟል። “ምጽዋ የእኛ ናት” የምንል ሰዎች፣ የእኛ የምንላትን ከተማ ያቃጠልናት እኛው መሆናችንን መናገር ይከብደናል። እኔም ብዙ ዓመት ከብዶኝ ኖሯል።

ዛሬስ? የቱሪስት ፎቶግራፍ ላይ ምጽዋ ውብ ፍርስራሽ ናት። ነገር ግን ከአስመራ ውጭ ለመሄድ እንግዳው የጉዞ ፈቃድ የሚጠየቅበት፣ ወጣቱ መጨረሻው በማይታወቅ ብሔራዊ አገልግሎት የሚያልቅበት፣ ከነፃነት ወዲህ አንድም ብሔራዊ ምርጫ ያልተደረገበት አገር ነው። ለእኔ ለጋዜጠኛው ደግሞ የበለጠ ቅርብ የሆነ ነገር አለ። መስከረም 1994 ዓ.ም. የአስመራ መንግሥት የግል ጋዜጦችን በሙሉ በአንድ ቀን ዘጋ። በዚያው ሰሞን ከታሰሩት አንዱ፣ የስዊድን ዜግነት ያለው ዳዊት ይስሐቅ፣ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ዓመታት ተቆጠሩ። የሙያ ወንድሜ ደብዛው በጠፋበት አገር እኔ ባሕር ዳር ተቀምጬ ዓሣ ብበላ ጉሮሮዬ ላይ አይተናነቀኝም?

ስለዚህ ሐይቁን በመንገዱ ከወቀስሁ ወደቡንም በወህኒው መውቀስ አለብኝ። በአንድ ዓይን ማየት አልወድም።

እኔ የጻፍኋቸው ርዕሶች

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። በዚህ ገጽ ላይ ሌላውን ስተች ብዙ ጊዜ አንብባችሁኛል። ራሴን ስተች ግን አልፎ አልፎ ነው።

ጦርነቱ በ1990 ዓ.ም. ሲፈነዳ በአንድ የመንግሥት ጋዜጣ ላይ ወጣት ምክትል አዘጋጅ ነበርሁ። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ያው ገጽ፣ “ወደብ እንደ ማንኛውም አገልግሎት በገንዘብ የሚገዛ ነው” የሚለውን የመንግሥት አቋም ሲያስተምር ነበር። የወደብ ጥያቄ የሚያነሣ ሰው የድሮ ሥርዓት ናፋቂ ይባል ነበር። በ1985 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔው ሲካሄድ ስለ ወደብ የጠየቀ መሪ አልነበረንም፤ ያ በደል ነው፣ ዛሬም በደል ነው እላለሁ። ግን ጦርነቱ ሲመጣ ያው ገጽ በአንድ ሌሊት ቀለሙን ለወጠ። ርዕሶቹን የምጽፈው እኔ ነበርሁ። “ደመሰስን፣ ሰበርን፣ ገሰገስን።” በፊደል መጠን ተከራክረናል፤ ከፊት ለፊት ገጽ ላይ የትኛው ቃል ይጉላ ብለን። የሟች ቁጥር የሚል ዜና ግን አንድም ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አልደረሰም። ደርሶ ቢሆን አወጣው ነበር ወይ? እግዚአብሔር ያውቃል፤ አይመስለኝም።

በዚያ ጦርነት ከሁለቱም ወገን 70,000 እና ከዚያ በላይ ሰው እንዳለቀ በሰፊው ይገመታል። ከዚያ ታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ ተፈረመ። በ1994 ዓ.ም. የድንበር ኮሚሽኑ ባድመን ለኤርትራ ፈረደ። ያንን ውሳኔ ኢትዮጵያ በተግባር እቀበላለሁ ያለችው በ2010 ዓ.ም. ነው። ያን ሁሉ ሰው የበላች መንደር በአንድ መግለጫ ተሰጠች። የእኔ ትልልቅ ፊደላት ግን ዛሬም በቤተ መዛግብት ውስጥ አሉ።

ለምን ይህን አነሣለሁ? ጥቅምት 2016 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ስለ ቀይ ባሕር ያደረጉት ንግግር ከተሰራጨ ወዲህ ያን የድሮ ፊደል እያየሁት ስለሆነ ነው። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር ለ20 ኪሎ ሜትር የባሕር ዳርቻ የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ ሶማሊያ ተቆጣች፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ አንካራ ላይ ሌላ ስምምነት ተደረገ። ከኤርትራ ጋር የነበረው የ2010ሩ መተቃቀፍም ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ እየሻከረ መጣ። ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአስመራ በረራውን አቋረጠ። እትዬ በ2011 ዓ.ም. ድንበሩ ሲከፈት ፓስፖርታቸውን አውጥተው፣ ሻማና ዕጣን ገዝተው ተዘጋጅተው ነበር። ድንበሩ ግን ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ተዘጋ። ዕጣኑ ዛሬም በሣጥናቸው ውስጥ አለ።

እዚህ ሚኔሶታ ውስጥ ደግሞ ቢራ እየጠጣ “አሰብን በሁለት ሳምንት!” የሚል ወገን ሞልቷል። ከሚናገሩት አንዳንዶቹ ወዳጆቼ ናቸው። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ልጅህን ትልካለህ? ልጅህ ኮሌጅ ሊገባ ማመልከቻ እየሞላ ነው። የሚሄደው የደብረ ብርሃን፣ የሻሸመኔ፣ የአዲግራት ልጅ ነው። የዚያን ልጅ እናት እኔ አውቃታለሁ። እትዬ ይባላሉ።

ዱሉዝ ላይ ያየሁት መርከብ

“ታዲያ ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር ባሕር አልባ ሆኖ ይኑር ትላለህ ወይ?” የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። አልልም። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ንግዳችን በጅቡቲ አንድ በር መተላለፉ እንደሚያንቅ ማንም ያውቃል። ግን የበር መክፈቻው ብዙ ዓይነት ነው፤ አንዱን እዚሁ ቅርባችን ላሳያችሁ።

ከመንትዮቹ ከተሞች ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ስትነዱ ዱሉዝ ትደርሳላችሁ። ሌክ ሱፒሪየር ዳር ያለች ወደብ ናት። ሐይቁ 82,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጣና ሦስት ሺህ ግድም መሆኑን አስታውሱና አመዛዝኑት። ሚኔሶታ የባሕር ዳርቻ የላትም። አትላንቲክ ውቅያኖስ ከዱሉዝ ወደ 3,700 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ይሁንና አንድ የመስከረም ቀን ከቤተሰቡ ጋር እዚያ ቆመን ሳለ፣ የብረቱ ድልድይ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተነሣና ከሥሩ ከውቅያኖስ የመጣች ግዙፍ መርከብ አለፈች። እህል ልትጭን ነበር። የአጎቴ ልጅ፣ የባሕር ኃይሉ ልጅ፣ ዝም ብሎ እያያት እንባው ወረደ።

ያች መርከብ እንዴት ደረሰች? አሜሪካና የዛሬዋ ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ1812 እስከ 1814 በእነዚሁ ሐይቆች ላይ በመርከብ ተዋግተዋል። እ.ኤ.አ. በ1817 በሐይቆቹ ላይ የጦር መርከብ ቁጥር ለመገደብ ተስማሙ። እ.ኤ.አ. በ1909 የድንበር ውሃቸውን በጋራ የሚዳኝ ውል ተዋዋሉ፤ ከዚያም የጋራ ኮሚሽን አቆሙ። እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ የሴንት ሎረንስን የመርከብ መንገድ በጋራ ገንብተው ከፈቱ፤ መርከቧ በውሃ ደረጃ እየተነሣች ከባሕር እስከ መሐል አህጉር ትወጣለች። ቦዩ ከፊሉ የአሜሪካ፣ ከፊሉ የካናዳ ነው። የዱሉዝ ሰው ሞንትሪያልን መውረር አላስፈለገውም። ውል፣ ጊዜ፣ ትዕግሥትና ሕግ አስፈልጎታል። ከጦርነቱ እስከ ቦዩ መቶ አርባ አምስት ዓመት ፈጀ።

እ.ኤ.አ. የ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነትም ባሕር አልባ አገሮች ወደ ባሕር የመድረስና የመተላለፍ መብት አላቸው ይላል፤ ዝርዝሩን ግን ከጎረቤት ጋር በስምምነት ወስኑ ይላል። ይህ ደካማ መንገድ ነው የሚል ካለ፣ ጠንካራውን መንገድ ከ1953 እስከ 1983 ዓ.ም. ለሠላሳ ዓመት ሞክረነዋል። ውጤቱ በእትዬ ሣጥን ውስጥ አለ።

ታዲያ የት ይሂዱ?

ፍርዴን ልስጥ። ከሁለቱ ምረጥ ከተባልሁ ምጽዋን እመርጣለሁ። ሐይቁ ለዓይን ነው፣ ምጽዋ ግን ለእትዬ ዕዳ ነው፤ ከደስታ በፊት ዕዳ ይከፈላል። ነገር ግን ምጽዋን የምመርጠው እንደ እንግዳ ነው። ፓስፖርቴ ላይ የኤርትራ ማኅተም ተመትቶ፣ የቤቱን ባለቤት “እንደምን አደርክ” ብዬ፣ ለሻዩ ከፍዬ። በታንክ የገባ ሰው ያችን ከተማ ሁለተኛ አያያትም፤ የሚያየው ፍርስራሿን ነው።

ዘንድሮ ግን መንገዱ በሦስተኛ አገር ዞሮ፣ ፈቃድ ተለምኖ፣ በሰባዎቹ ዕድሜ ለሚገኙ አሮጊት የሚሆን አይደለም። ስለዚህ ለአጎቴ ልጆች የምላቸው ይህን ነው። ልጆቹን ወንጪ ውሰዷቸው። መንገዱን ግን የጉዞ ወኪል ሳይሆን የአካባቢውን ሰው ጠይቃችሁ፣ ሰላም ነው ከተባለ በቀን ሂዱ። ልጆቹ ፈረሱን ከገበሬው ተከራይተው ይቀመጡ፤ ገንዘቡን በእጁ ይስጡት፤ ስሙንም ይጠይቁት። ፎቶግራፉን ለማንም ቢልቦርድ አታዋጡት። እትዬ ከአፋፉ ላይ ተቀምጠው ሐይቁን ይዩ። በደሴቱ ላይ ቂርቆስ አለ፤ ጀልባ ላይ መውጣት ካልከበዳቸው ያን ዕጣን እዚያ ያጢሱት፤ ፍትሐቱም እዚያ ይደረግ። ውሃ ከውሃ ጋር ይነጋገራል ይሉ የለ አባቶቻችን በጸሎታቸው፤ ካላሉም ዛሬ እኔ ልበለው።

ለሁለቱ መንግሥታት ደግሞ አንድ ትንሽ ጥያቄ አለኝ፤ ወደብ አይደለም፣ ድንበርም አይደለም። የስም ዝርዝር ነው። በምጽዋ፣ በአፍዓበት፣ በናቅፋ፣ በባድመ፣ በፆረና የወደቁትን የሁለቱንም አገር ልጆች ስም አውጡ። የተቀበሩበትን አሳዩ። እናቶች በዓመት አንድ ጊዜ፣ በቀይ መስቀል አጃቢነትም ቢሆን፣ ድንበር ተሻግረው መቃብር ይጎብኙ። የአስመራ እናት ወደ እኛ፣ የአዲስ አበባ እናት ወደ እነሱ። ጦር ለማስፈር የሚሆን መንገድ ከተገኘ፣ ጥቁር ነጠላ ለለበሱ አሮጊቶች የሚሆን መንገድ አይጠፋም። መተማመን ከዚያ ይጀምራል፤ ወደቡም፣ ቦዩም፣ መርከቡም ከዚያ በኋላ ይመጣል።

እኛስ በዚህ ያለን? ከሐይቁም ከባሕሩም ስለ ራቅን ንግግራችን ሳይነካን ሌላውን ይገድላል። እኔ አንድ ጊዜ በትልልቅ ፊደል ገድያለሁ። አሁን ፊደሌን ማሳነስ መርጫለሁ።

ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ለእትዬ ደውዬ አነበብሁላቸው። ሲያልቅ ጥቂት ዝም አሉና፣ “ወንጪ ብርድ አለው ይባላል፤ ጋቢ ይዤ ልሂድ?” አሉኝ። ከዚያ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ምጽዋ ግን አልቀረችም አይደል?” አሉ።

አልቀረችም እትዬ። አልቀረችም።

ቸር ያሰማን።